ኮከብ መቺ ሁሌ ጥሩ አምበል ይሆናል?

በእግር ኳስ አምበሉ ክንዱ ላይ ምልክት ቢያስርም፣ ዋናው ወሳኝ አሰልጣኙ ነው። ክሪኬት ላይ ግን ነገሩ ይለያል፦ ማን ኳስ ይወርውር፣ ማን የት ይቁም የሚለውን ሜዳ ውስጥ ሆኖ የሚወስነው አምበሉ ነው።

ህንድ እ.ኤ.አ. በ1996 ኮከብ መቺዋን ሳቺን ቴንዱልካርን ገና በ23 ዓመቱ አምበል አደረገችው። ውጤቱስ? በሁለት ዙር ከመራቸው 25 የቴስት ጨዋታዎች (እስከ 5 ቀን የሚቆየው ማለት ነው) ያሸነፈው 4ቱን ብቻ ነው፤ በ9ኙ ተሸነፈ፣ በ12ቱ አቻ ወጣ።

በአንጻሩ እንግሊዛዊው ማይክ ብሬርሊ በቴስት አንድም ጊዜ 100 ነጥብ አልሞላም። አምበል ሆኖ ግን ከ31 ጨዋታ 18ቱን አሸነፈ፤ የተሸነፈው በ4 ብቻ።

መቺ የሚጨነቀው ለሚመጣለት ኳስ ነው፤ አምበል ግን ለሌሎቹ 10 ሰዎችም ጭምር። ቴንዱልካር ኃላፊነቱን ካስረከበ በኋላም እስከ 2013 ተጫውቶ በ100 ዓለም አቀፍ ሴንቸሪ ነው የተሰናበተው። ስለዚህ አምበልነት ለጎበዝ የሚሰጥ ሽልማት ሳይሆን ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው።