የሚያዳልጠው ድንጋይ ምስክርነት

አዲስ አበባ፣ ሳንሱሲ በሚባለው ሰፈር መንገድ ዳር ጎመን የሚሸጡ አንዲት እናት፣ ገዢ «በወንዝ ውኃ የበቀለ ነው በጉድጓድ?» ሲላቸው ይቆጣሉ። «ልጄ፣ እኔን ምን ታደርገኛለህ? ውኃውን የሚያበላሹትን ጠይቅ! ማታ ማታ ይለቁታል፤ አንዳንዴ ቀይ፣ አንዳንዴ ጥቁር ሆኖ ይወርዳል። ጠዋት ጠርሙስ የያዘ ሰው ሲመጣ ደህና ውኃ ያገኛል። ጽፎ ይሄዳል፤ አለቀ።» ይህን ጽሑፍ ያስጀመረው የእሳቸው ንግግር ነው።

ነገሩን በትክክል አይተውታል። በጠርሙስ የሚቀዳ ናሙና የሚናገረው በተቀዳበት ሰዓት ስላለፈው ውኃ ብቻ ነው። ሌሊት የተለቀቀው ፍሳሽ ሲነጋ ርቆ ሄዷል። ከወንዙ ጋር የማይሄድ ምስክር ግን አለ፦ ድንጋዩ ላይ የተለጠፈው፣ እግር የሚያዳልጠው ቡናማ ሽፋን።

በሽፋኑ ውስጥ ዳያተም የሚባሉ ባለ አንድ ሴል አልጌዎች በብዛት ይኖራሉ። አብዛኞቹ ከ0.1 ሚሊሜትር ያነሱ ናቸው። ቅርፊታቸው ከሲሊካ፣ ማለትም ከመስታወት ዘር የተሠራ ሲሆን፣ ሁለቱ ግማሾች እንደ አገልግልና ክዳኑ ይገጣጠማሉ። ንጹሕ ውኃ የሚወዱ አሉ፤ ቆሻሻ የማይበግራቸውም አሉ። ፍሳሽ ሲበዛ የመጀመሪያዎቹ ይጠፉና እንደ ኒትዝሺያ ፓሊያ ያሉት ቦታውን ይወርሳሉ። ይህ ለውጥ በድንጋዩ ላይ ለሳምንታት ይነበባል።

ከሁሉ የሚያሳስበው የቅርፊቱ መጣመም ነው። እንደ ካድሚየም፣ ዚንክና መዳብ ያሉ ብረቶች ሲበዙ ቅርፊቱ ይጎብጣል፤ በላዩ ያሉት ረቂቅ መስመሮችም ሥርዓታቸውን ያጣሉ። ሴሉ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ ልጅ አንዱን ግማሽ ወርሶ ሌላውን በዚያው ልክ ስለሚሠራ፣ ጉድለቱ ወደ ቀጣዩ ትውልድ ሊሻገር ይችላል። ጥቂት የተጣመሙ በጤነኛ ወንዝም አይጠፉም፤ ባለሙያ የሚያየው ድርሻቸው መጨመሩን ነው።

የእነዚህ ፍጥረታት ጥናት ታሪክ ከእኛ አካባቢ የራቀ አይደለም። ጀርመናዊው ክርስቲያን ኤረንበርግ እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1825 ከጓደኛው ከዊልሄልም ሄምፕሪክ ጋር ከግብፅ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ተጉዟል። ሄምፕሪክ ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞተ። ኤረንበርግ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1838 ስለ ረቂቅ ሕይወት ታላቅ መጽሐፉን አሳተመ፤ ዳያተሞችን ግን ከእንስሳት ይቆጥራቸው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ አሜሪካዊቷ ሩት ፓትሪክ በፔንስልቬንያ ወንዞች ዳያተሞችን የብክለት መለኪያ አደረገቻቸው። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የውኃ መመሪያ ድንጋይ ላይ የሚበቅሉ አልጌዎች የወንዝ ጤና መመዘኛ ሆኑ።

አዲስ አበባም ጥናቱ አላት። አበበ በየነና የሥራ ባልደረቦቹ በቀበና እና በአቃቂ ወንዞች ላይ ያደረጉትን ምርምር እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። ክፉኛ በተበከሉት ቦታዎች በዓይን የሚታዩት ትንንሽ የውኃ እንስሳት ጨርሰው ሊጠፉ ተቃርበው ነበር። ዳያተሞቹ ግን ነበሩ፤ የብክለቱንም ደረጃ ለይተው አሳዩ። ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚቀር ምስክር ማለት ይህ ነው።

ሥራው የከበደ መሣሪያ አይጠይቅም። ድንጋዩ በጥርስ ብሩሽ ይፈገፈጋል፤ እጥቢው በኬሚካል ተፈልቶ ቅርፊቱ ብቻ ይቀራል፤ ከዚያ በ1,000 እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ 400 ያህል ቅርፊት ይቆጠራል። የሚከብደው ዓይንን ማሠልጠኑ ነው።

የሳንሱሲው ወንዝ፣ ትንሹ አቃቂ፣ በገፈርሳ ተገድቦ ለከተማዋ መጠጥ ይሆናል። ከግድቡ በታች ያው ወንዝ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ ቆሻሻና የፋብሪካ ዝቃጭ ይሸከማል፤ ከቆዳ ፋብሪካዎች የሚወጣው ክሮምየምም በዚሁ ተፋሰስ ይወርዳል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን ከከለከለ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ጉዳዩ የሚመለከታቸው አንድ ኃላፊ፣ ዳያተም በመደበኛው የወንዝ ክትትል ይቆጠር እንደሆነ ሲጠየቁ «ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ» አሉ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ አልመጣም።

«እኔ ጎመኑን ደጋግሜ አጥባለሁ» ይላሉ እናትየው። «ልጆቼም የሚበሉት ይሄንኑ ነው። ሌላ ከየት አመጣለሁ?» ማጠቡ አፈርና ጀርም ይቀንሳል፤ ተክሉ በሥሩ የሳበውን ብረት ግን አያወጣም።

ከገፈርሳ ግድብ ሥር፣ ከሳንሱሲ በታች፣ ከዚያም ከየፋብሪካው መውጫ በላይና በታች ድንጋይ መርጦ በበጋ በየወሩ መፈግፈግ ይቻላል። የተጣመመው ቅርፊት ከየትኛው ቱቦ በታች እንደሚበዛ ከታየ፣ ተቆጣጣሪው ሌሊት የት መቆም እንዳለበት ያውቃል።