ሐረጎን የሚያወጣው ጥርስ

የሐረጎን ዳገት የጀመረ ተሳቢ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ኮምቦልቻን ለቆ ወደ ደሴ ሲያቀና ሞተሩ ደህና ያንጎራጉራል፤ ጠመዝማዛው ሲጀምር ያቃስታል፤ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ደግሞ ይቀንሳል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነች መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ከኋላ የተሰለፉት ሚኒባሶች ጥሩምባቸውን ቢያንባርቁም የሚለወጥ ነገር የለም።

ከባድ መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ፈረስ ጉልበት እንዳለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። ያ ጉልበት መሬት የሚደርሰው በኋላ አክስል ውስጥ ዘይት ጠጥተው በተቀመጡ ጥርሶች በኩል ነው፤ ስለ እነሱ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ጫፉ ላይ ፒኞን የምትባል ትንሽ ባለ ጥርስ አለች። እሷ ትልቁን ኮሮና ታዞራለች፤ ኮሮናው ጎማዎቹን። ፒኞኗ 8፣ ኮሮናው 37 ጥርስ ቢኖራቸው ጎማው አንዴ እስኪዞር ዘንጉ 4.625 ጊዜ ይዞራል። የአክስሉ ምጥጥን የሚባለው ይህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ጎማው በዝግታ፣ ግን በብርታት ይዞራል፤ ትንሽ ከሆነ ይፈጥናል፣ ጉልበቱ ግን ይሳሳል።

በአገራችን መንገድ የተለመደውን ባለ 371 ፈረስ ጉልበት ሲኖትራክ እንውሰድ። ፋብሪካው 4.42፣ 4.8 እና 5.73ን ጨምሮ በተለያየ ምጥጥን ያቀርበዋል። ባለ 12.00 በ20 ጎማ በአንድ ዙር 3.4 ሜትር ያህል ይሄዳል። በመጨረሻው ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር፣ ባለ 5.73ቱ በሰዓት 53 ኪሎ ሜትር፣ ባለ 4.8ቱ 64፣ ባለ 4.42ቱ 69 ይሄዳል። ባለ 5.73ቱን 80 ላይ ለማድረስ ሞተሩ ከ2,200 ዙር ማለፍ አለበት፤ ያ ደግሞ የአቅሙ ጥግ ነው። ነዳጁን ባለቤቱ ይቁጠረው።

ታዲያ ለወሎ መንገድ የቱ ይሻላል? ከጅቡቲ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ በጋላፊ ገብቶ፣ የአፋርን ሜዳ በሙቀት አቋርጦ ሚሌ ይደርሳል። ከዚያ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል፤ ደሴ ከሆነ መድረሻው ሐረጎ ይጠብቀዋል። ሜዳው ትንሹን ቁጥር ይፈልጋል፣ ዳገቱ ትልቁን።

ብዙ ሰው ለዳገቱ ያደላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። በየ100 ሜትሩ 7 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ወደ ኋላ የሚጎተተው በ2.8 ቶን ያህል ኃይል ነው። የዚህ ሲኖትራክ ካምቢዮ ባለ 10 ማርሽ ነው። ባለ 5.73ቱ ዳገቱን በ7ኛ ማርሽ ቢገፋ፣ ባለ 4.42ቱ በ6ኛ ይገፋዋል፤ ፍጥነታቸውም አይራራቅም። ልዩነቱ የአንድ ማርሽ ነው! ሜዳ ላይ ግን ባለ 5.73ቱ ከ10ኛ በላይ የሚቀይረው ማርሽ የለውም። ስለዚህ የወደብ ተሳቢ በ4.42 ወይም በ4.8 ቢሄድና ሐረጎን ለካምቢዮው ቢተውለት ይሻላል። 5.73 የሚያምርበት ከካባ ድንጋይ ጭኖ ደሴ ውስጥ ሲወጣ ሲወርድ ለሚውል ገልባጭ ነው፤ ያ መኪና ሚሌን አያያትም።

በአሰብ ዘመን እዚሁ መስመር ላይ ይመላለሱ ለነበሩት ፊያት ኤንትሬዎች ምክሩ አይሠራም ነበር። ቱርቦ የላቸውም፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ይሳሳል፣ የሞተሩም ጉልበት አብሮ ይቀንሳል። እነሱን ማንም ፍጠኑ ያላቸው አልነበረም።

ቁልቁለቱም የራሱ ሒሳብ አለው። ከደሴ ሲወረድ ትልቁ ቁጥር መኪናውን በሞተር አጥብቆ ይይዛል፤ ባለ ትንሹ ቁጥር ሾፌር ቁልቁለቱ ሳይጀምር አንድ ማርሽ ዝቅ ማለት አለበት። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ የሚለቅ ግን ምጥጥኑ ምንም ይሁን ምን የቀረው ፍሬኑ ብቻ ነው።

ያገለገለ መኪና ሲገዛ ወይም አክስል ሲለወጥ ቁጥሩን በሻጭ ቃል መቀበል አያስፈልግም። በተለይ ሁለት የኋላ አክስል ባለው መኪና አንደኛው 4.8፣ ሌላው 5.73 ከሆነ እርስ በርስ ሲጓተቱ ጎማና ጥርስ ይጨርሳሉ። መፈተሻው ጠመኔ ነው። መኪናው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በክሪክና በድጋፍ ይነሳል፤ ካምቢዮው ፎሌ ላይ ይሆናል፤ ዘንጉና ጎማው ላይ ምልክት ይደረጋል። የመጨረሻውን የኋላ አክስል የግራና የቀኝ ጎማ እኩል አንድ ዙር እያዞሩ ወደ እሱ የሚገባውን ዘንግ መቁጠር ነው፤ አምስት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ 4.8 ነው፣ አምስትን አልፎ ወደ ስድስት ከተጠጋ 5.73።