የሞንትጎመሪ የአውቶቡስ አድማ፦ ተረትና እውነታ

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ተብሎ ይነገራል። በአሜሪካዋ አላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ ልብስ በመስፋት የምትተዳደር ጥቁር አሜሪካዊት ደክሟት ስለነበር ለነጭ ተሳፋሪ ወንበሯን አለቅም አለች። ታሰረች። ሕዝቡ በቁጣ ተነሣ፤ አንድ ወጣት ሰባኪ መራው፤ ድል ሆነ። ዲሴምበር 1 ቀን 1955 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ታሪክ እንዲህ ሲያጥር ከሥራው አብዛኛውን የሠሩት ሰዎች ይቀራሉ።

ተረት፦ ሮዛ ፓርክስ ያልተነሣችው እግሯ ስለዛለ ነው።

እውነታ፦ የ42 ዓመቷ ፓርክስ የቆየች የመብት ታጋይ ነበረች። ከ1943 ጀምሮ ለጥቁሮች መብት በቆመው በኤንኤኤሲፒ የሞንትጎመሪ ቅርንጫፍ በጸሐፊነት ሠርታለች፤ በጥቁር ሴቶች ላይ የተፈጸመ የመድፈር ወንጀልን መርምራለች። በ1955 ክረምትም በቴነሲ ግዛት ሃይላንደር በተባለው የታጋዮች ማሠልጠኛ ተካፍላ ነበር።

የተቀመጠችውም ለነጮች በተከለለው ቦታ አልነበረም። የፊተኞቹ 10 መቀመጫዎች የነጮች ነበሩ፤ እሷ ከእነሱ ኋላ ነበረች። የፊቱ ሲሞላ ሾፌሩ ለአንድ ነጭ ሰው ሲል አራት ጥቁሮች እንዲነሡ አዘዘ። ሦስቱ ተነሡ።

ተረት፦ አድማው ሳይታሰብ የፈነዳ ቁጣ ነው።

እውነታ፦ የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት የተባለው የጥቁር ሴቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጆ አን ሮቢንሰን አድማ ሊመጣ እንደሚችል ለከንቲባው በደብዳቤ ያስጠነቀቀችው በሜይ 1954 ነው። በማርች 1955 ደግሞ የ15 ዓመቷ ክሎዴት ኮልቪን ከወንበሬ አልነሣም ብላ ታሰረች። ስለዚህ የፓርክስ እስር ሲሰማ መንገዱ የተጠረገ ነበር። ሮቢንሰን በምታስተምርበት ኮሌጅ የማባዣ ማሽን ለአድማው የሚጠራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት ስታባዛ አደረች፤ ሲነጋም ይዛው ወጣች።

ተረት፦ አድማውን የወጠነውም የሠራውም ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው።

እውነታ፦ ኪንግ መሪ ሆኖ ሲመረጥ 26 ዓመቱ ነበር፤ ለከተማዋም አዲስ ነበር። ንግግሩ ሕዝቡን አጽንቷል፤ ቤቱም በቦምብ ተመትቷል። ሆኖም አድማው 381 ቀናት የዘለቀው በየቀኑ ሰው ወደ ሥራው የሚያደርስ አደረጃጀት ስለነበረ ነው።

በመጀመሪያ ጥቁር ታክሲ ነጂዎች በአውቶቡስ ዋጋ፣ በ10 ሳንቲም፣ ማመላለስ ጀመሩ። ከተማዋ ከ45 ሳንቲም በታች ማስከፈል ክልክል ነው ስትል 300 ገደማ የግል መኪናዎች ተተኩ፤ መነሻና መድረሻ ጣቢያ ተመደበላቸው። ዘዴው የተወሰደው በ1953 በባተን ሩዥ ከተማ ከተካሄደ የአውቶቡስ አድማ ነው።

የቤንዚኑ ወጪስ? ምግብ አብሳይዋ ጆርጂያ ጊልሞር ሴቶችን አስተባብራ፣ ዶሮ እየጠበሱ፣ ኬክ እየጋገሩ ሸጡ፤ ገቢውን ለአድማው አዋሉት። በነጭ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት እንዳይባረሩ ስማቸው አይገለጽም ነበር።

ተረት፦ ከተማዋ በኪሳራ ብዛት ተሸነፈች።

እውነታ፦ ከአውቶቡስ ደንበኞች አብዛኞቹ ጥቁሮች ስለነበሩ ኪሳራው ከባድ ነበር። ባለሥልጣናቱ ግን አልተበገሩም። የአድማው የመጀመሪያ ጥያቄ እንኳ በአውቶቡስ ነጮችንና ጥቁሮችን መለያየቱ ጨርሶ ይቅር የሚል አልነበረም፦ ነጮች ከፊት፣ ጥቁሮች ከኋላ ጀምረው የቀደመ ይቀመጥ፤ ሾፌሮች ሰው ያክብሩ፤ ጥቁር ሾፌሮች ይቀጠሩ። ይህም እምቢ ተባለ።

በፌብሩዋሪ 1956 ወጣቱ ጠበቃ ፍሬድ ግሬይ መለያየቱን ራሱን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። እስከ መጨረሻው በከሳሽነት የዘለቁት ኦሬሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝና ኮልቪን ናቸው። ፓርክስ በዚህ መዝገብ ከሳሽ አልነበረችም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኖቬምበር 13 ቀን 1956 ለሴቶቹ የተሰጠውን ፍርድ አጸና፤ ዲሴምበር 21 ቀን ጥቁሮች በመረጡት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ድሉ ሁሉንም እኩል አልካሰም። ፓርክስ ሥራዋን አጥታ በ1957 ወደ ዲትሮይት ተሰደደች። የኮልቪን የ1955 የእስር መዝገብ በፍርድ ቤት የተሰረዘው በ2021፣ በ82 ዓመቷ ነው።