የጀልባ ጉዞ በዝዋይ ሐይቅ

ዝዋይ ሐይቅ (ደንበል ሐይቅ) በኦሮሚያ ክልል በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚገኝ ጨዋማ ያልሆነ ሐይቅ ነው። ዋናው የጀልባ መነሻ በምዕራባዊ ዳርቻው የምትገኘው የባቱ ከተማ ናት፤ የቀድሞ ስሟ ዝዋይ ነው። ባቱ ከአዲስ አበባ በሞጆ በኩል 160 ኪ.ሜ. ያህል፣ ከሻሸመኔ ደግሞ ወደ ሰሜን 90 ኪ.ሜ. ያህል ትርቃለች። ሻሸመኔ የመንገድ መገናኛ እንጂ የሐይቅ ዳር ከተማ ስላልሆነች፣ ከዚያ ተነስቶ በደሴቶቹ ላይ ጉብኝት ማድረግ የሚፈልግ ሰው ባቱ ድረስ በመኪና ይጓዛል።

ማረፊያው

ሐይቁ 440 ካሬ ኪ.ሜ. ያህል ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ በጣም አነስተኛ ነው፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ ከ9 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ዳርቻው በአብዛኛው በደንገልና በፊላ የተሸፈነ ስለሆነ ጀልባ እንደ ልብ በየቦታው ሊጠጋ አይችልም። በባቱ ማረፊያው ከዋናው መንገድ በስተምሥራቅ ነው። ዓሣ አስጋሪዎች ያጠመዱትን የሚያወርዱት በሐይቁ ዳር ሲሆን፣ አባ ኮዳና ፔሊካን ፍርፋሪ ለመልቀም ይሰበሰባሉ። ጉማሬም በሐይቁ ውስጥ ይኖራል።

ደሴቶቹ

በሐይቁ ላይ አምስት ዋና ዋና ደሴቶች አሉ፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጠደቻ፣ ደብረ ሲና፣ ገሊላና ፉንዱሮ። ትልቋ ቱሉ ጉዶ በምሥራቃዊው ክፍል ትገኛለች፤ በላይዋም የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም አለ። በትውፊት መሠረት ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ታቦተ ጽዮን ወደዚህ መጥታ ተሸሽጋለች።

የደሴቶቹ ነዋሪዎች የዛይ ሕዝብ ናቸው። ዛይኛ ከስልጥኛና ከሐረሪኛ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው። ለእነርሱ ጀልባ መዝናኛ ሳይሆን ወደ ገበያና ወደ ሕክምና መድረሻ ነው። ብዙ ዛዮች ዛሬ በዳርቻው ከተሞች ይኖራሉ።

ለጎብኚ የሚጠቅሙ ነጥቦች

* ዝቅተኛ ጥልቀት ባለው ሐይቅ ላይ ነፋስ ቶሎ ማዕበል ያስነሳል፤ ስለዚህ በማለዳ መነሳት ይመረጣል።
* የጀልባው ዋጋ፣ የሚጎበኙት ደሴቶችና የመመለሻው ሰዓት ከመነሳት በፊት ስምምነት ሊደረግባቸው ይገባል። ተንሳፋፊ ጃኬት መኖሩንም ማረጋገጥ ያስፈልጋል።
* በሐይቁ ዳርቻ የቢልሃርዚያ በሽታ ስላለ መዋኘት አይመከርም። ለዋና ከባቱ በስተደቡብ ያለው ላንጋኖ ሐይቅ ይመረጣል።
* ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ማውለቅና ሥርዓት ያለው አለባበስ መከተል ይጠበቃል።

የሐይቁ ሁኔታ

ወደ ሐይቁ የሚገቡት ዋና ወንዞች ከምዕራብ መቂ፣ ከምሥራቅ ካታር ናቸው። ትርፉ ውሃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይፈሳል። የአበባና የአትክልት እርሻዎች ከሐይቁና ከገባር ወንዞቹ ለመስኖ ውሃ ይስባሉ። ውሃው በቀነሰ ቁጥር ወደ ቡልቡላ የሚፈሰው ያንሳል፤ ከዚህ ወንዝ ውሃ የሚያገኘው አብያታ ባለፉት አሥርተ ዓመታት በእጅጉ ሸሽቷል። እምቦጭ አረምም በዝዋይ ታይቷል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ጥቂት የውሃ መቀነስ እንኳ ዳርቻውን ከማረፊያው ያርቀዋል፤ ይህም ከጎብኚው ይልቅ የሚጎዳው ያለ ጀልባ መንገድ የሌለውን የደሴቱን ነዋሪ ነው።