ውርጭና የፀሐይ ሙቀት በደጋ ማሳ

ፀሐይ ከምድር 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ብርሃኗ በ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ይደርሰናል። ከዚህ ኃይል 30 በመቶ ያህሉን ደመናው፣ አየሩና የምድር ገጽ ወደ ሕዋ ይመልሱታል። ነሐሴ 23 ቀን ገደማ ፀሐይ በአዲስ አበባ አካባቢ በቀትር አናት ላይ ብትሆንም ቀኑ የሚቀዘቅዘው ደመና ስለሚጋርዳት ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ይጠራል፤ ፀሐይም ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በዚህ ወቅት ወደ ደቡብ የዞረ ተዳፋት ብርሃኑን ፊት ለፊት ስለሚቀበል ይሞቃል። ወደ ሰሜን በዞረው ላይ ግን ያው ብርሃን በሰፊ መሬት ተበትኖ ይሳሳል። ሌሊት፣ የሚያግድ ደመና ስለሌለ፣ መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ወደ ሰማይ ይለቃል። የቀዘቀዘው አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ባቄላው በውርጭ የሚመታውም በአብዛኛው እዚያ ነው፤ የደጋ ሽማግሌዎች ይህን ያለ መሣሪያ ያውቁታል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች አመዳይ የሚያድርባቸውን ማሳዎች ከሽማግሌዎቹ ጠይቀው ከዘር ወቅት በፊት ቢለዩ፣ ዘግይቶ የሚያብበውን ባቄላ ወደ ተዳፋቱ ማውጣት ይቻላል። እርከን ከሌለው ግን አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል።