የማኅተሙ ሕጸጽ በሳንቲሙ ላይ

ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሚውለው ሳንቲም ዋጋው ጥቂት ስለ ሆነ ልብ ብሎ የሚመለከተው ሰው እምብዛም የለም፤ ይሁን እንጂ የሠራውን መሣሪያ ድካምና ስብራት በገጹ ላይ ተሸክሞ የሚዞር በመሆኑ፣ አስተውሎ ለሚመረምረው ሰው የታመነ ምስክር ነው።

ሳንቲም የሚሠራው ክብ ሆኖ የተቆረጠ ልሙጥ ብረት በሁለት ጠንካራ የብረት ማኅተሞች መካከል ገብቶ በታላቅ ኃይል ሲመታ ነው። ምስሉና ፊደሉ በማኅተሙ ላይ ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ በግልባጭ የተቀረጸ ስለ ሆነ፣ ማኅተም በሰም ላይ ሲረገጥ እንደሚሆነው ሁሉ፣ በማኅተሙ የጎደጎደው በሳንቲሙ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህም ማኅተሙ ከምት ብዛት የተነሣ ሲሰነጠቅ፣ ብረቱ ወደ ስንጥቁ እየገባ በሳንቲሙ ላይ ቀጭንና ከፍ ያለ መስመር ያወጣል፤ ከማኅተሙ ጠርዝ ቁራጭ ሲወድቅ ደግሞ በሳንቲሙ ኅዳግ ላይ ቅርጽ የሌለው እብጠት ይታያል። ቁልፍ ወይም ድንጋይ የጫረው ግን ምንጊዜም ወደ ውስጥ የገባ ነው። ይህን ልዩነት በጣቱ ጫፍና በአጉሊ መነጽር መለየት የቻለ ሰው የዚህን ጥበብ እኩሌታ ይዟል።

ለዚህ ምርመራ ብዙ አሥረጅ የሚገኘው በአሜሪካው ባለ አንድ ሳንቲም፣ የፕሬዚዳንት ሊንከን ምስል ባለበት ገንዘብ ላይ ነው። በተለይ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከተመቱት ውስጥ፣ «ሊበርቲ» ከሚለው ቃል በ«ቢ» እና በ«ኢ» ፊደላት መካከል የማኅተሙ ብረት ተፈርፍሮ፣ «አይ» የተባለው ፊደል በመካከል የገባ የሚያስመስል ጉብታ ያለባቸው አሉ። ሁለቱ ማኅተሞች በመካከላቸው ብረት ሳይገባ እርስ በርሳቸው ሲጋጩም አንዱ የሌላውን ምስል ይወርሳል፤ በጀርባቸው የሊንከን መታሰቢያ ሕንፃ ካለባቸው ሳንቲሞች በአንዳንዶቹ ላይ የሕንፃው ዓምዶች መስመር በፕሬዚዳንቱ ፊት ለፊት ቆሞ የሚታየው ከዚህ የተነሣ ነው። እንዲህ ያለውን ጠባሳ ለማጥፋት ማኅተሙን ከልክ በላይ መሞረድ ደግሞ ሌላ ሕጸጽ ይወልዳል፤ በ1937 እ.ኤ.አ. በዴንቨር በተመታው ባለ አምስት ሳንቲም ላይ የጎሹ አንድ የፊት እግር ጠፍቶ እንስሳው በሦስት እግር የቀረው፣ ማኅተሙ አብዝቶ ስለ ተሞረደ ነበር።

ብዙ ጀማሪዎችን የሚያሳስተው መንታ ሆኖ የሚታይ ፊደል ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. በፊላዴልፊያ በተመታው ዝነኛ ሳንቲም ላይ ዓመቱና ቃላቱ ያለ መነጽር እንኳ ሁለት ሆነው ይነበባሉ፤ ምክንያቱም ማኅተሙ ራሱ ሲቀረጽ ዋናው ቅርጽ ከአንድ ጊዜ በላይ ይጫንበት ስለ ነበር፣ በሁለተኛው ጊዜ ጥቂት ዞሮ አረፈ። በዕለት ተዕለት ሳንቲም ላይ የምናገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማኅተሙ በምቱ ፍጻሜ ሲንሸራተት የሚፈጠረው ነው፤ ይህ ፊደሉን አቅጥኖ በጎኑ ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ እርከን ብቻ ይተዋል፤ እንደ ማኅተም ሕጸጽም አይቆጠርም።

ጎልቶ የታየ ሁሉ ከማኅተም አይደለም። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካው አንድ ሳንቲም ውስጡ ዚንክ፣ ላዩ ስስ የመዳብ ልባስ በመሆኑ፣ በልባሱ ሥር የታመቀ አየር ፊቱን ያሳብጠዋል። ማረጋገጫው ድግግሞሽ ነው፦ የማኅተም ሕጸጽ ያ ማኅተም በመታቸው ሳንቲሞች ሁሉ ላይ በዚያው ስፍራ ይገኛል። ስንጥቁም እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ቀጭኑ መስመር ያለበት ቀድሞ፣ ሰፊው ያለበት ኋላ መመታቱ ይታወቃል፤ ዕድሜው በቃል ያልተጻፈበትን ጥንታዊ ገንዘብ በቅደም ተከተል የሚያሰልፉ ሊቃውንትም በዚሁ መንገድ ይረዳሉ። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው።

ጥቃቅን ስንጥቅ ያለበት ሳንቲም በገበያ ብዙ ጊዜ ከዋጋው የሚበልጥ ገንዘብ አያወጣም፤ ሀብት አገኛለሁ ብሎ የሚጀምር ሰው ቶሎ ይሰለቻል። ለማወቅ የሚሻ አንባቢ ግን ሳንቲሙን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ሥር ቀስ ብሎ ያዙረው፤ ዓመቱንና ሕጸጹ ያለበትን ስፍራ ይጻፍ፤ በዚያው ስፍራ ያንኑ ምልክት የያዘ ሌላ ሳንቲም ይፈልግ፤ ሊያጠራው ብሎ ግን ከቶ አይፈትገው፣ ማጽዳት ገጹን ያበላሻልና።