የፀጉር ቅባት ልትሸጪ ካሰብሽ

በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አብዛኛው አንድ ነው፤ «እቤቴ ሆኜ የፀጉርና የቆዳ ቅባት እየሠራሁ መሸጥ እፈልጋለሁ፣ ከምን ልጀምር?» መልሴ፦ ውሃ ከሌለበት ነገር ጀምሪ።

ባክቴሪያና ሻጋታ ያለ ውሃ አይራቡም። የእሬት ዝልግልግ፣ የሩዝ ውሃ፣ የተቀቀለ ተልባ ሠርተሽ ወዲያው ብትቀቢው ጥሩ ነው። ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ ሱቅ ሲደረደር ግን ማቆያ ካልተጨመረበት በቀናት ውስጥ ይበላሻል፤ ክፋቱ ደግሞ መልኩም ሽታውም ሳይለወጥ ጀርም ሊበዛበት ይችላል። መብራት እየጠፋ ፍሪጅ አያድንሽም። ለጋ ቅቤም ውሃና የወተት ቅሪት ስላለበት ከዚሁ ወገን ነው። ይህን ስል እናቴ ትቆጣለች፤ ወሎ ውስጥ አናቷን ቅቤ ሳትቀባ ያደገች ሴት ማን አለች! ግን ለራስ መቀባት ሌላ፣ ለሰው መሸጥ ሌላ።

ስለዚህ ዘይትና ሰም። ሰም ደግሞ ለእኛ ለሐይቅ ከተማ ልጆች ሩቅ አይደለም። አምባሰል የማር አገር ነው፤ ጠጅ የሚጥሉ ሰዎችም ማሩን በውሃ ከበጠበጡት በኋላ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ሰፈፍ ያወጣሉ። ኢትዮጵያ ወደ ውጭ የምትልከው ሰም ብዙው የሚገኘው ከዚሁ ነው። ሰፈፉን በውሃ አፍልተሽ በጨርቅ አጥልዪው፤ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ይረጋል፣ ከሥሩ የተጣበቀውን ቆሻሻ በቢላ ፍቂው። እስኪጠራ ድገሚው። ብዙ ደንበኞቻችን ሙስሊሞች ስለሆኑ ሰሙ ከየት እንደመጣ ሳትጠየቂ ተናገሪ፤ ጠጅ ቤት የደረሰ ነገር ለማትፈልግ ከተጨመቀ ማር የተረፈ ሰም ይገኛል።

መነሻው አንድ እጅ ሰም በአራት እጅ ዘይት ነው፣ በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን። ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ነው። ቀጥታ እሳት ላይ ከጣድሽው ሊቀጣጠል ስለሚችል የፈላ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ አቅልጪው። መጠኑን የሚወስነው ገበያሽ ነው። 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ባለችው ደሴ ድርቅ ብሎ አልወጣ የሚል ቅባት፣ ውጫሌን አልፎ መርሳ ሲወርድ ይፈስሳል። ለቆላው ሰም ጨምሪ፣ ለደጋው ቀንሺ።

ከዘይቶቹ ስለ ጉሎ ልበል፣ ምክንያቱም አጥራችን ሥር ይበቅላል፣ ምጣድም እናሟሽበታለን። ፍሬው ውስጥ ሪሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለ። መርዙ በዘይት ስለማይሟሟ ዘይቱን ትቶ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ልጆች ባሉበት ግቢ አትውቀጪው፣ ፋጉሎውንም ለከብት አትስጪ። እኔ ተጣርቶ የታሸገውን የጉሎ ዘይት ገዝቶ መቀላቀልን እመርጣለሁ።

ዘይቱ ምን ይሠራል? ፀጉርን ያለሰልሳል፣ እርጥበት ያቆያል፣ ሲበጠር እንዳይሰበር ይረዳል። ያልተሰበረ ፀጉር ደግሞ ይረዝማል። «ራሰ በራ ያበቅላል» ብሎ መለጠፍ ግን ማጭበርበር ነው። «ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» የሚለውም እንዲሁ፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን እንደሚያቃጥል አትርሺ። አዲስ ደንበኛ መጀመሪያ ክንዷ ውስጠኛው ላይ ጥቂት ቀብታ አንድ ቀን ትጠብቅ።

ዋጋ ስታወጪ ብልቃጡን፣ ከሰሉንና የራስሽን ጉልበት ቁጠሪ። ብልቃጡ ላይ ምን ምን እንደገባበትና የተሠራበትን ቀን ጻፊ። የውበት መጠበቂያ ማምረት በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥር ስለሚወድቅ፣ ከጎረቤትና ከዘመድ አልፈሽ ለሱቅ ከማከፋፈልሽ በፊት ስለ ፈቃዱ ወረዳሽን ጠይቂ።

ሐይቅ፣ ውጫሌና ደሴ ያላችሁ ጠጅ ጣዮች፣ ሰፈፋችሁን አትድፉት። ጻፉልኝ፣ እገዛለሁ።